ካርዱ አልተቃጠለም

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ላፕቶፔ ከቤታችን ዋይፋይ ጋር ተጣላ። አሁን እንደ ቀልድ አወራዋለሁ እንጂ የዚያን ቀን ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ሆላንድ ሄጄ ለሁለት ዓመት የውሃ ምህንድስና እንድማር የሚወስኑት ሰዎች ዘጠኝ ሰዓት ላይ በስካይፕ ሊያነጋግሩኝ ቀጥረውኛል። ጠዋት ስሞክረው ይሠራ ነበር። ከምሳ በኋላ ሸሚዜን ተኩሼ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ በካሜራው የሚታየውን ግድግዳ ሳይቀር ወልውዬ ስቀመጥ፣ ስክሪኑ ጥግ ያለችው የኔትወርክ ምልክት ላይ ቀይ ኤክስ ጉብ ብሏል።

«ወይኔ ጉዴ!» አልኩና ኢንተርኔት በማትከፍተው አሮጌ ስልኬ ያብስራ ጋ ደወልኩ።

ሌላ ማን ጋ ልደውል? ያብስራ ሜክሲኮ ላፕቶፕ መጠገኛ ሱቅ አለው። እዚህ ካዛንቺስ፣ አባቴ ከመኖሪያ ቤታችን ጋር አያይዞ በሠራው ፔንሲዮን ውስጥ ዋይፋዩን የዘረጋውም እሱ ነው። ደግሞ ምን እደብቃችኋለሁ፣ ከራሴ አስበልጬ የምወደው ሰው ነው።

የተዋወቅነው ራውተሩን ሊተክል የመጣ ቀን ነው። እሱ መሰላል ላይ ሆኖ ግድግዳ ይበሳል፤ እኔ ላፕቶፔን ታቅፌ ከክፍል ክፍል እየዞርኩ ምልክቱ ስንት እንደሚያሳይ እነግረዋለሁ። «እዚያ ጋስ?» ይለኛል። «ሙሉ ነው» እለዋለሁ፤ ውሸቴን ነው፣ የማየው እሱን እንጂ ስክሪኑን አልነበረም። ከዚያ በኋላ ላፕቶፔ በየሳምንቱ ይታመም ጀመር። በጎኑ ያለችውን የዋይፋይ ማብሪያ ራሴ እዘጋትና «አልሠራ አለኝ» ብዬ እደውላለሁ። ያብስራ ከሜክሲኮ ታክሲ ይዞ ይመጣል፣ ማብሪያዋን በአንድ ጣቱ ገፋ ያደርጋታል፣ ቀና ብሎ ያየኛል፣ ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል። አንድ ቀን ግን ከመቀመጫው ሳይነሳ፣ «ራሕዋ፣ ሌላ ጊዜ ዝም ብለሽ ‹ና› በይኝ፤ እመጣለሁ» አለኝ። ፊቴ ቲማቲም መሰለ። ወደድኩት፣ በቃ።

አባቴ አረጋዊ ይህን የሰማ ቀን ቤቱ ተናወጠ። «ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ? ከቂርቆስ ቀበሌ ቤት ተነስቶ፣ እናቱ ሽንኩርት የምትቸረችር ኮምፒውተር ጠጋኝ የአረጋዊን ልጅ? ሽማግሌ ቢልክ ከበር ነው የምመልሰው!» አለ። የያብስራ እናት እማማ ቡዜ ሰንጋ ተራ ሽንኩርት ቸርችረው ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል፤ ይሄ ለአባቴ ነውር ነው። ከዚያ ወዲህ ኡራኤል ጀርባ ባሉ ካፌዎች ተደብቀን ነበር የምንገናኘው። ስለ ሆላንድ የነገርኩትም እዚያ ነው። ያብስራ የማኪያቶውን ማንኪያ ሲያዞር ቆየና ቀና ሳይል፣ «ሂጂ። እጠብቅሻለሁ» አለ። ዓይኑን ያላነሳው እንባውን ሊደብቀኝ መሰለኝ።

ሐሙስ ታዲያ ስልኩን ገና ከመጥራቱ አነሳው።

«ተረጋጊ የኔ ቆንጆ» አለኝ። «ማብሪያዋ በርታለች?»

«በርታለች! ዛሬስ እኔ አይደለሁም!»

ሳቀልኝ። «እሺ፣ አጥፊና መልሰሽ አብሪያት።»

አጠፋሁ፣ አበራሁ። ምንም።

«በቃ ሪስታርት አድርጊው።»

ሪስታርት እስኪያደርግ ጥፍሬን በላሁት። ቀይዋ ኤክስ ንቅንቅ አላለችም። ያብስራ ደግሞ አይሰለችም፣ አይቆጣም፣ እንደ አስተማሪ ቀስ እያለ ያዘኛል። የዋይፋያችንን ስም ከላፕቶፑ አስጠፋኝና እንደገና አስፈለገኝ። ፓስወርዱን በትንንሽ ፊደል፣ አንድ በአንድ፣ እየጠራ አስጻፈኝ። «እሺ ራውተሩን ከሶኬት ንቀይውና ትንሽ ቆይተሽ መልሺው» አለኝ። ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ፎቁን ወርጄ ወደ ሪሴፕሽኑ በረርኩ። ራውተሩን ስነቅለው ከሻሸመኔ የመጡት ነጋዴ፣ ወይዘሮ ጀሚላ፣ ከክፍላቸው ብቅ ብለው፣ «ኧረ ልጄ፣ ከልጄ ጋር እያወራሁ ነበር፣ ምነው ቆረጥሽብኝ?» አሉኝ። መልሼ ስሰካው የእሳቸው ወዲያው ሠራ። የእኔ አልሠራም።

«ያብስራ፣ የእንግዶቹ ይሠራል እኮ!» አልኩት።

«እንግዲያው ችግሩ ካንቺ ላፕቶፕ ነው» አለ።

«የሪሴፕሽኑን ኮምፒውተር ልጠቀም?»

«ካሜራ የለውም፣ ድምፁም አይሠራም፤ ይታዘቡሻል። ቆይ፣ በደቂቃ እንፈታዋለን።»

«ላፕቶፑን ይዤ ኡራኤል ካፌ ልሩጥ?»

«በዚህ ትራፊክ? ራሕዋዬ፣ ታምኚኛለሽ አይደል?»

እግዜር ያሳያችሁ፣ አምነዋለሁ! የዋይፋዩን ሶፍትዌር አራግፊና እንደገና ጫኚ አለኝ፤ አራገፍኩ፣ ጫንኩ። ስጨርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን እንኳን ለእናንተ ለራሴም መንገር አልወድም። ያብስራ ሲመጣ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ደረሰብኝ። ላፕቶፑን ገለባበጠው፣ አየው፣ ዘጋው። «የዋይፋይ ካርዱ ተቃጥሏል። ዕቃው እዚህ አይገኝም፣ ማስመጣት ያስፈልጋል» አለ። ከዚያ እናቴ ኮሪደሩ ላይ መኖሯን እንኳን ሳይፈራ እቅፍ አደረገኝ። «እግዜር ያላለው ነው» እያለ ፀጉሬን ዳበሰኝ። ሸሚዙን በእንባዬ አረጠብኩት፤ በዚያ ሁሉ ሐዘን መሃል እሱ ስላለኝ ብቻ ተጽናናሁ።

በማግስቱ ከኢንተርኔት ቤት ለሆላንዶቹ ጻፍኩላቸው። መልሳቸው ጨዋ ነበር፣ አጭርም ነበር። ምርጫው አልቋል፣ ለሚቀጥለው ዓመት ያመልክቱ።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ሳሎን አስጠራኝ። ስለ ሆላንድ ሊያጽናናኝ መስሎኝ አንገቴን ደፍቼ ገባሁ። እሱ ግን ጋዜጣውን አጥፎ፣ «ያ ልጅ... ያብስራ ነው ያልሽኝ? ነገ ሽማግሌ ይላክ፤ ነግሬዋለሁ» አለ።

እናቴ ዘውዲ በእጇ የያዘችውን ትሪ ጠረጴዛው ላይ ለቀቀችው። አባቴን ዘልዬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩበት፤ ጉንጩን፣ ግንባሩን፣ ጆሮውን ሳምኩት። እሱም ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝና ወደ መስኮቱ አየ። እግዜር በአንዱ ቢያሳዝነኝ በአንዱ ካሰኝ ብዬ አመሰገንኩ። ቂል ነኝ አይደል? ቂል ነኝ።

እናቴ ግን ቂል አይደለችም። በእኛ ቤት ሽማግሌ ሳይመላለስ እሺ አይባልም። የታላቅ እህቴን የመብርሂትን ባል፣ መርካቶ ሁለት መጋዘን ያለውን ሰውዬ፣ አባቴ ሽማግሌዎቹን ሦስቴ አመላልሶ፣ የመጀመሪያውን ጊዜ ውሃ እንኳን ሳያቀምስ ነው የሸኛቸው። አሁን፣ «አንድ ጊዜ ይበቃል፣ ነገ እንጨርሰዋለን» ሲል እናቴ ዓይኗን አጥብባ አየችው።

«ምነው አረጋዊ? ልጅቷ ቀለለችብህ እንዴ?»

«ዘመኑ ተቀይሯል» አለ አባቴ። አባቴ ይህን ቃል ከአፉ ሲያወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ደስታዬ ግን ጆሮዬን ደፍኖት ነበር።

እሁድ ሂባ ልታግዘኝ ከኡራኤል መጣች። ሂባ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ናት፤ ምላሷ ስለት ነው፣ ልቧ ግን ቅቤ። የምለብሰውን እየመረጥን ሳለ ስልኳን ከቤታችን ዋይፋይ ጋር አገናኘችና የሀበሻ ቀሚስ ፎቶ ታሳየኝ ጀመር።

«ይሄ ስልክ ትንሽ ነው፣ ላፕቶፕሽን አምጪው በትልቁ እንየው» አለች።

«ካርዱ ተቃጥሏል ብዬሽ የለ።»

«እስቲ አምጪው አትጨቅጭቂኝ።»

ሰጠኋት። ከስልኳ ላይ የሆነ ነገር ነካ ነካ አደረገችና፣ «ያው፣ ስልኬን ዋይፋይ አደረግኩት፤ የእኔን ስም ፈልጊ» አለችኝ። ፈለግኩ። አገኘሁት። ተጫንኩት። ገባ።

ሁለታችንም ስክሪኑን አየነው። ሙሉ ምልክት፣ ንጹሕ ነጭ።

«ይሄ ነው የተቃጠለው?» አለች ሂባ እየሳቀች። «ያ ባልሽ ሊሆን የመጣው ልጅ ሙያ የለውማ!»

እኔ አልሳቅሁም። የእሷን ስም ዘግቼ የቤታችንን ዋይፋይ ተጫንኩ። አልገባም። «አንቺ የቤቱን ተመልሰሽ ሞክሪው» አልኳት። የእሷ ስልክ ገባ። የእኔ ላፕቶፕ ከእሷ ጋር ይሠራል፤ የቤታችን ዋይፋይም ከእሷ ጋር ይሠራል፤ እኔ እና የገዛ ቤቴ ብቻ ነን የተጣላነው።

ምክንያቱንም አውቀዋለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ እንግዳ ቀኑን ሙሉ ፊልም እያወረደ የሁሉንም መስመር ሲያጨናንቅ፣ ያብስራ የሰውዬውን ላፕቶፕ ብቻ ለይቶ ዘጋው። «ራውተሩ እያንዳንዱን ማሽን ለይቶ ያውቀዋል፤ አንዱን አትግባ ማለት ይቻላል» ብሎ አስረድቶኛል። የራውተሩን መቆጣጠሪያ ፓስወርድ የሚያውቀው ደግሞ እሱ ብቻ ነው። ሜክሲኮ ሱቁ ቁጭ ብሎም ይገባበታል። አባቴ እንኳን አያውቀውም።

«ሂባ፣ ዘግቶብኛል» አልኩ።

«ማን?»

ሂባ ፊቴን አየችና ሳቋ ጠፋ። በዚያች ቅጽበት የውጭው በር ተንኳኳ፤ ከታች የእናቴ ድምፅ፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ግቡ፣ ግቡ» ሲል ተሰማ። ሽማግሌዎቹ ደርሰዋል። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፤ እንዲህ እንደሚያም ግን ማንም አልነገረኝም።

በጓሮ በኩል ወጣሁ። በወጉ ሙሽራው ከሽማግሌዎቹ ጋር አይገባም፤ ያብስራ በሩ ላይ በቆመችው በአጎቱ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። አዲስ ኮት ለብሷል። ሲያየኝ ፊቱ በራ፤ ከዚያ ፊቴን አየና ፊቱ ጠቆረ። በሩን ከፍቼ ከጎኑ ተቀመጥኩ።

«ካርዱ አልተቃጠለም» አልኩት።

አልካደም። ቢክድ ይሻለኝ ነበር።

«ራሕዋ፣ ስሚኝ...»

«ለምን?»

«አባትሽ ሱቄ ድረስ መጡ። እሳቸው፣ እኔ ሱቅ! ‹ከሄደች ለአንተም ለእኔም የለችም፤ ከቀረች ግን ሽማግሌህን ላክ፣ እሺ እላለሁ› አሉኝ። የሐሙሱን ስካይፕም የነገሩኝ አንቺ ከመንገርሽ በፊት ነው። እኔ ምን ልበል? በሕይወቴ አንቺን እንዳገኝ በር የተከፈተልኝ ያን ቀን ብቻ ነው።»

«ታዲያ መስመሩን በሙሉ ለምን አልዘጋኸውም?»

አንገቱን ደፋ። «እንግዶቹ እንዳያማርሩ አሉኝ።»

«እንግዶቹ!» ሳቅ መጣብኝ፣ የሚያስፈራ ሳቅ። «እንግዶቹ አሳዘኑት! ጉድ እኮ ነው! እሺ፣ መዝጋትህን ተወው። መዝጋት አንድ ነገር ነው። ስልኩን ይዘህ ‹ሪስታርት አድርጊው› ያልከኝስ? ‹ታምኚኛለሽ አይደል› ያልከኝስ? እያወቅክ? እኔ እንደ እብድ ደረጃ ስወጣ ስወርድ፣ ትንፋሼ ሲቆራረጥ በጆሮህ እየሰማህ?»

«ድምፅሽን ስሰማ ልከፍተው ስንቴ እጄ ሄደ...»

«ግን አልከፈትከውም።»

«አልከፈትኩትም» አለ። እንባው በአዲሱ ኮት ላይ ወረደ። «ፈራሁ። አንቺ ሆላንድ፣ እኔ ሜክሲኮ አደባባይ። ሁለት ዓመት ተምረሽ፣ ሰው አይተሽ፣ ወደ ሽንኩርት ቸርቻሪ ልጅ ትመለሻለሽ? ንገሪኝ እስቲ፣ ማን ይመለሳል?»

ልመልስለት የምችለው አንድ ነገር ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ያን ሁሉ ጊዜ ወድጄው፣ ስለ እኔ የሚያስበው ለካ ይህን ነበር።

«ክፈተው» አልኩት።

«ምኑን?»

«የዘጋኸውን።»

ስልኩን አወጣ። የፔንሲዮናችን ዋይፋይ እስከ በሩ ይደርሳል። ሁለቴ ተሳሳተ፤ በሦስተኛው፣ «ተከፍቷል» አለ በሹክሹክታ። እጄን ሊይዝ ሲል ከመኪናው ወረድኩ። ወደ ኋላ ብዞር እንደማቅፈው አውቅ ነበር፤ ስለዚህ አልዞርኩም።

ሳሎን ስገባ ሦስቱ ሽማግሌዎች እንደ ወጉ ቆመዋል። የያብስራ አጎት ጋሽ ተካ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ይናገራሉ። «...ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለን ቆመናል። ልጃችን ልጅዎን ለትዳር ይሻል።»

«እኔ ፈቅጃለሁ» አለ አባቴ። እናቴ ክው አለች፤ እንዲህ በአንድ ትንፋሽ የተሰጠች ልጅ በዘራችን የለችም።

ጋሽ ተካ ራሳቸው ግራ ተጋቡ። የተዘጋጁት ለመለማመጥ ነበር። «እግዜር ይስጥልን! እንዲያው ለወጉ፣ ልጅቷም ከአፏ ትናገር» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «የኔ ልጅ፣ ፈቃድሽ ነው?»

«አይደለም፣ አባባ።»

«ራሕዋ!» አለ አባቴ።

«አባዬ፣ ንገራቸው» አልኩ። «ሜክሲኮ ሄደህ ያብስራን ምን እንዳዘዝከው ንገራቸው። ሐሙስ ዕለት በገዛ ቤቴ መስመሩን እንዳዘጋህብኝ ንገራቸው። እኔ ወለል ላይ ወድቄ ሳለቅስ ከታች ሆነህ ቡና ትጠጣ ነበር። ትናንት አንገትህን አቅፌ ስስምህ ምን ተሰማህ?»

እናቴ በትግርኛ፣ «ዋይ አነ!» ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አረጋዊ! እውነት ነው?»

አባቴ ቀይ ሆነ፣ ከዚያ አመድ መሰለ። «ለእሷ ብዬ ነው» አለ። «ባሕር ማዶ የሄደ የማን ልጅ ተመለሰ? አንድ ቤት ሠራሁ፣ ልጆቼ ከጎኔ እንዲሆኑ። ይሄ ኃጢአት ነው?» ወደ እኔ ዞሮ፣ «ልጁንም ሰጠሁሽ! የፈለግሽውን ልጅ ሰጠሁሽ!» አለ።

«ሸጥከኝ እንጂ መቼ ሰጠኸኝ!» አልኩት። በሕይወቴ አባቴ ላይ ስጮህ ያ የመጀመሪያዬ ነው። እሱም አልተቆጣኝም፤ ሶፋው ላይ ዝቅ አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እናቴ ከጎኑ አልተቀመጠችም። መጥታ እኔ አጠገብ ቆመች፣ ወገቤን ያዘችኝ።

ጋሽ ተካ ባርኔጣቸውን ያሽከረክሩ ነበር። ሽማግሌው ምንም እንዳላወቁ ከፊታቸው ያስታውቃል። ዞር ብለው ጓደኞቻቸውን አዩ፣ መልሰው እኔን አዩኝ። «ልጄ፣ እኛ ይህን ሳናውቅ ነው ደጃችሁን የረገጥነው። የልጃችን ጥፋት የእኛም ነው፤ ይቅር በይን» አሉኝ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ግን ሽማግሌ ባዶ አፉን አይመለስም። ልጁ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ ቃል ይጠብቃል። ምን አለች ብለን እንንገረው?»

ሁሉም ያየኛል። ሂባ ደረጃው ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ስድብ ነበረኝ፣ እርግማን ነበረኝ፤ ከኡራኤል እስከ ሜክሲኮ የሚያዳርስ ንዴት ነበረኝ። አፌን ስከፍት ግን የወጣው ሌላ ሆነ፤ መኪናው ውስጥ የዋጥኩት ነው የወጣው።

«ስልኩን ይዞ ከሚያስለፋኝ፣ ‹ቅሪልኝ› ቢለኝ ኖሮ እቀርለት ነበር፤ እንዲህ በሉት» አልኩ።

ጋሽ ተካ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ እጅ ነስተው፣ ሦስቱም ቀስ እያሉ ወጡ። እናቴ ወገቤን ሳትለቅ ወደ ክፍሌ ወሰደችኝ፤ እዚያ፣ ማንም በማያየኝ ቦታ፣ ያብስራን እየናፈቅኩ በያብስራ ተቃጥዬ አለቀስኩ።